ትልቁ ቅልና የክብሪት ቀፎዋ

ገና ከጅምሩ ልናገር፤ ይህቺን ነገር ንቄያታለሁ። ዛሬም እንቃታለሁ። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ጥቁር ፕላስቲክ ናት። በአንድ ጎኗ የጊታር ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ፣ በሌላው ደግሞ ስልክ ላይ የምትሰካበት አጭር ጭራ አላት። ጊታሩን በእሷ በኩል ስልክ ውስጥ ትከተዋለህ፤ ስልኩም ተቀብሎ ማጉያ ነኝ ይላል። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ከቤት ቁልፍና ከማስቲካ ጋር ኪስ ውስጥ የምትንከባለል የሙዚቃ ዕቃ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። መነጽሬን ባላደረግሁበት ጊዜ ከጥርስ መጎርጎሪያዬ መያዣ ጋር አምታትቼያት፣ ጎኗ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ መጎርጎሪያውን ልመልስ ስታገል ቆይቻለሁ። ገብቶ አልቆም አለ። ያን ቀን ነው ጠላትነታችን የጀመረው።

እኔ የማውቀው ማጉያ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ስንመጣ ገና ጢሜ ያልበቀለ ነበርኩ። በመንደራችን የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር እንድይዝ የተመረጥኩት እጄ ረጅም ስለነበር ነው፤ ጆሮዬንማ የጠየቀ አልነበረም። ሦስት ኮርድ ተማርኩ። አራተኛውን ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ጀምሬው አሁንም እሱው ላይ ነኝ፤ ፀጉሬ በበኩሉ ነጭቶ፣ በቀለም ጠቁሮ፣ ቀለሙም ሰልችቶት ተመልሶ ነጭቷል። ግን ማጉያዬ ጎበዝ ነበር። ጊታሩን ገና ሳልነካው እንደ ሰካራም ያጉረመርማል፤ ሕዝቡም ትልቅ ነገር ሊመጣ ነው ብሎ ዝም ይላል። ትልቅ ነገር ሳይመጣ ሲቀር ጥፋቱ የማጉያው እንጂ የእኔ አይመስልም። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል?

ታዲያ መብራት ሄዶ ተመልሶ ገደለው። እዚህ አገር መብራት ሲመለስ እንደ ጎርፍ ነው። ማጉያው አንዴ ጮኸ፣ ሸተተ፣ አረፈ። ሚስቴ ጥልፍ ጨርቅ አልብሳ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ አደረገችው። እኔንም ያላለበሰችኝ ቴሌቪዥን ስለማልይዝ ነው።

ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጄ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ ነው ይህቺን ጥቁር ነገር ያመጣችልኝ።

«አባዬ፣ ይቺ ያንን ትልቁን ትተካለች።»

«ይቺ? ይቺ የእሱን አንዷን መጠምዘዣ አትተካም።»

«ሳትሞክራት!»

«ሞክሬያታለሁ። አየኋት እኮ።»

አሮጌ ስልኳን ጨምራ ሰጠችኝ፤ ጀርባው ላይ አበባ ያለበት የፕላስቲክ ልብስ ለብሷል። ሳጥኗ አልሰካ አለች፤ ለካ ስልኩ ልብሱን ማውለቅ ነበረበት። ከዚያ ስልኩ ፈቃድ መጠየቅ ጀመረ። ድምፅህን ልስማ? ይላል። በዚህ ቤት እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩት። ቀጥሎ ደግሞ ጊታርህ የት ቦታ እንዳለ ይምሰል? አለኝ። አዳራሽ ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ፣ ካቴድራል ውስጥ። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ በካልሲ ተቀምጫለሁ! ዋሻውን ነካሁት። ልጄ ሰክታ ጆሮዬ ላይ ባደረገችልኝ ማዳመጫ ውስጥ የገዛ ሦስት ኮርዴ ከሩቅ መጣልኝ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ያለምንም ማጉረምረም። ሬሳ ሱፍ ሲለብስ አይታችኋል? እንደዚያ። ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት።

እዚያው መሳቢያ ውስጥ በቀረች ነበር፣ ወዳጄ ባይመጣ።

ወዳጄ ከበርታ ብሔረሰብ ነው፤ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ፣ ከአሶሳ ብዙም ሳይርቅ ባለ መንደር ይኖራል። ከወጣትነታችን ጀምሮ በአንድ መድረክ ስንገናኝ፣ እኔ ጊታሬን እሱ ዋዛውን ይዘን፣ ስንሰዳደብ ኖረናል። ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ነፊዎቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው ግን ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የማንም የግል አይደለም፤ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው የሚሄደው። አንተ ድምፅህን ይዘህ ተራህን ትጠብቃለህ፣ ሲደርስብህ ትነፋለህ፣ ዝም ትላለህ። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ያፏጫል። እኔ ይህን በልጅነቴ ሳይ ስቄ ነበር፤ አንድ ድምፅ ብቻ! እኔኮ ሦስት ኮርድ ያለኝ ሰው ነኝ።

የወዳጄ ቅል ከሁሉም ትልቁ ነው። ከቁመቱ ይበልጣል፤ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የሚሰማው። ያን ቀን ግን ቅሉን ሳይሆን ሆዱን በእጁ ደግፎ መጣ።

«ተሰፋሁ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ቡአ ነው ብለው ቀደው ሰፉኝ። ሐኪሙ መንፋትም ከባድ መሸከምም ከለከለኝ። ከነፋህ ይተረተራል አለ።»

«ተመስገን፤ አገሩ አረፈ።»

«አትሳቅ። የትንሹ ልጄ ሠርግ ደርሷል።»

ያን ጊዜ መሳቄን ተውኩ። ሠርግ ማለት ዋዛ ነው፤ ዋዛ ማለት ደግሞ እሱ ከነቅሉ ማለት ነው።

«የእህትህ ልጅ ይንፋልሃ» አልኩት። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ሰልፉ ውስጥ ትንሿን ቅል ይዞ ዓይኑ ሁልጊዜ ትልቁ ላይ ነው። ደረቱ እንደ በር ነው።

ወዳጄ እንደ ሞኝ አየኝ። መቼም እንደ ብልህ አይቶኝ አያውቅም።

«እሱ ከነፋው እኔ አልቄያለሁ ማለት ነው። ቅል አንዴ ሌላ አፍ ከቀመሰ ወደ እኔ አይመለስም። ወንበር አዘጋጅተውልኛል፣ ታውቃለህ? ነጭ የፕላስቲክ ወንበር። ከእንግዶች ጋር። ‹አባ፣ አንተ ተቀመጥና እይ› አሉኝ። በገዛ ልጄ ሠርግ ላይ ተቀምጬ ልይ!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ድምፄን አንተ ምታው። በሽቦህ። ወፍራሙን ሽቦ አላላውና የእኔን ድምፅ ስጠኝ። አንተ ከመታኸው እኔ ታምሜ ነው፣ ነገ እመለሳለሁ ማለት ነው።»

«ለምን እኔ?»

«ጊታርህ ቦታዬን አይወስድማ! ማን ይፈልገዋል? ወላሂ፣ ለዚህ ነው የመረጥኩህ።»

ስድብ ነው፤ ግን ስለ ሙያዬ ከሰማሁት ሁሉ ለምስጋና የሚቀርበው ይህ ነው። እሺ አልኩ። ባዶ ጊታር ከዚያ ሁሉ ቅል መሐል እንደማይሰማ ሁለታችንም እናውቃለን። ማጉያዬ ቴሌቪዥን ተሸክሟል። መሳቢያውን ከፈትኩ።

ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወዳጄ ግቢ ማንጎው ሥር ነበር። ልጄ ያዋሰችኝን ክብ የብሉቱዝ ስፒከር ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት፤ ስልኩን ድንጋይ ላይ፣ ሳጥኗን ጭኔ ላይ። ወፍራሙ ክር እስኪለሰልስ ድረስ ተለቅቆ እንደ አሮጌ ቀበቶ ረግቧል። ወዳጄ በአፉ ድምፁን ሰጠኝ፣ አገኘሁት። እውነትም ከስፒከሩ ሲወጣ የቅሉን ይመስል ነበር። ነፊዎቹ ተያዩ። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ያልተከለከልኩት እሱን ብቻ ነው።

ጀመሩ። ዜማው ዞሮ መጣ፣ ደረሰብኝ፣ መታሁ።

አንድ ድምፅ ነው እኮ! ሕፃን የሚችለው። የእኔዋ ግን የሚቀጥለው ሰው ድምፅ ላይ ወጣችና ቁጭ አለች። እሱ ደነገጠና ቆመ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቀደመ፤ ሰልፉ ገደል እንዳየ በሬ ተተራመሰ። እንደገና ተጀመረ። እንደገና ያው። ተራዬ ሲመጣ ዓይኔን አፍጥጬ እጠብቃለሁ፣ በሰዓቱ እመታለሁ፣ ድምፁ ግን ቡና ጠጥቶ ነው የሚመጣው። በአንዱ ዙር ደግሞ ስልኩ ጠራ። ስፒከሩ ከቅርንጫፉ ላይ ሆኖ በደወል አደነቆረን፤ ላጠፋው ስል በእርጅና ጣቴ አነሳሁት፣ የሚስቴም ድምፅ ከማንጎው ውስጥ ወረደ።

«ስትመጣ ሽንኩርት እንዳትረሳ! ባለፈው እንደረሳኸው!»

ያን ጊዜ የሳቁት ሳቅ መንጌ ሳይሰማ አልቀረም። ወዳጄ ብቻ አልሳቀም። የእህቱ ልጅ ትንሿን ቅሉን አስቀምጦ በትሕትና ጠጋ አለ። ትሕትናው ነው የሚያናድደው።

«አጎቴ፣ ትልቁን እኔ ልያዘው በቃ። ጋሼም ደክሟቸዋል፣ እጃቸው ዘግይቷል። ዕድሜ ነው።»

ወዳጄ ግድግዳው ሥር የተደራረቡትን ነጫጭ ወንበሮች አየና ዓይኑን መለሰ። ትልቁ ቅል በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ልጁ ወደዚያ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ነገ» አለ ወዳጄ። «ነገ እንደገና እንሞክራለን። ካልሆነ ኸላስ፣ በቃ፣ ትወስደዋለህ።»

ሁሉም ለሶላት ሲበተኑ እኔ ጊታሬን ታቅፌ ቀረሁ። ራሴን በደንብ ሰደብኩት። አንድ ድምፅ! በሕይወቴ ሙሉ ‹አንድ ድምፅ ምን ሥራ ነው› ብዬ ስቄ፣ አንዷን በሰዓቷ ማድረስ አቃተኝ። ዕድሜ ነው ብዬም አመንኩ። ሽንት ቤት ለመድረስ የሚዘገይ ሰው ድምፁ ለምን አይዘገይ? አገጬን ጊታሩ እንጨት ላይ ደግፌ ያችኑ ወፍራም ክር በስንፍና ነካሁ።

በአገጬ አጥንት መጣች፣ ዱም። ከዚያ፣ እኔ ጨርሼ፣ ከማንጎው ላይ፣ ዱም።

ደግሜ መታሁ። አገጬ ላይ አሁን፤ ዛፉ ላይ በኋላ። ተነሥቼ ብቻዬን ስቄያለሁ። ዘግይቼ አላውቅም! ማለት በብዙ ነገር ዘግይቻለሁ፣ በዚህ ግን አይደለም። ልጄ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ በብሉቱዝ ነው እንዴ ያገናኘኸው?»

«ታዲያ በምን ላገናኘው፣ በጸሎት?»

«ብሉቱዝ ዘፈን ለመስማት ነው። ለመጫወት ይዘገያል። በገመድ አውጣው። ሳጥኗ ጎን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች አይደል?»

«የቷ ቀዳዳ?»

«የጥርስ መጎርጎሪያ የከተትክባት።»

ይህ ወሬ ጤና ጣቢያ መድረሱን በዚህ አወቅሁ።

ወዳጄ ከሶላት ሲመለስ አብረን በባጃጅ አሶሳ ገበያ ገባን። የባጃጁ ሙዚቃ እንደ በሽታ ነው፤ አንድ ሰው በማሽን ድምፁን አቃንቶ እንደ ተረገጠ ድመት ያለቅሳል። ስልክ ዕቃ የሚሸጠው ወጣት ሁለት አፍ ያለው ገመድ ሰጠን። ረጅም የለህም ወይ ብንለው የለም አለ። ክንድ አይሞላም! ከሳጥኗ እስከ ስፒከሩ ክንድ የማይሞላ ገመድ ማለት ጊታሩ፣ ስልኩ፣ ሳጥኗ፣ ስፒከሩና እኔ አንድ ላይ ታስረን እንቆማለን ማለት ነው።

«ተቀምጠህ ጭንህ ላይ ታደርገዋለህ» አለኝ ወዳጄ። ወዲያው ራሱ በእጁ አይሆንም አለ። ዋዛ ተቀምጦ የሚነፋ የለም፤ ሰልፉ ይዞራል፣ ይረግጣል፣ ይዞራል። ድምፁ ከጥግ፣ ከወንበር ላይ ከመጣ ደግሞ ያው ወዳጄም ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ግቢው ስንደርስ ስፒከሩን ከእጄ ወሰደ፣ በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ይሄ ሐኪም የከለከለው ክብደት ነው?»

«ይሄ የሐኪሙ ምሳ ዕቃ ይበልጠዋል።»

ትከሻው ላይ አስቀመጠው፤ ቅሉ ለዘመናት ባረፈበት፣ ሸሚዙ ሁሉ በሚሳሳበት በዚያ በኩል። ነጭ ጥምጥሙን ፈታና ስፒከሩን በእሱ አሰረው። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ገባኝ፤ ባይገባኝ በወደድኩ። እሱ ከፊት በቦታው ይሄዳል፤ እኔ ክንድ በማይሞላ ገመድ ተጠልፌ ከኋላው እከተላለሁ።

«እንደ ፍየል?» አልኩት።

«ፍየል ረጅም ገመድ አላት» አለኝ።

በማግስቱ እንደ ቃሉ ተሞከረ። መጀመሪያ ዙር ላይ ተረከዙን ረገጥኩት፣ በበርታኛ ሰደበኝ፣ በአማርኛ አልተረጎመልኝም። በሁለተኛው ገመዱ ተነቀለ። ከዚያ በኋላ ግን ደረሰብኝ፣ መታሁ፣ ዱም አለ፣ ዜማውም ምንም እንዳልሆነ አልፎ ሄደ። ያ አልፎ መሄዱ! ጭብጨባ ከጠበቅሁበት ቦታ ሁሉ የበለጠ ደስ አለኝ ብል ለሳጥኗ ምስጋና ይሆንላታል፣ አልልም። የእህቱ ልጅ በሩ ላይ የቆመውን ቅል አየ፣ አጎቱን አየ፣ ትንሿን ቅሉን አነሣ።

የሠርጉ ቀን ስልኩን ከጥሪ ሁሉ ዘግቼ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ለሚስቴም ሽንኩርት ቀድሜ ገዛሁ። ሳጥኗ አንገቴ ላይ እንደ ክታብ ተንጠልጥላለች። ከከተማ የመጣው ዲጄ፣ ቁመታችንን የሚያህሉ ስፒከሮቹን ደርድሮ ተራውን ይጠብቃል፤ ወደ እኛ ሲያይ የሳቀውን ሳቅ አልረሳለትም። እንግዶቹም በዓይናቸው ይጠይቃሉ፣ ይሄ ከሽማግሌው ኋላ የሚጎተት ሌላው ሽማግሌ ምንድን ነው? አንዲት እናት ጮክ ብላ መለሰችላቸው፤ «ቴክኒሻን ነው፣ ተዉት።» የዕድሜ ልክ ጊታር ተጫዋችነቴ እዚያ ላይ ተሰረዘ።

ሰልፉ ተነሣ። ወዳጄ በቦታው ነው። ተራው ሲመጣ እንደ ድሮው ወገቡን ወደ ጎን ሰበር ያደርጋል፣ ጉንጩን ይነፋል፤ ነፋስ አያወጣም፣ ጉንጩን ብቻ። እኔ እመታለሁ። ድምፁ ከትከሻው ላይ ይወጣል። ከፊት ያለ ሰው እኔን አያይም፤ እሱ ነው የነፋው። ሙሽራው ልጁ አባቱ በፊቱ ሲያልፍ እንደ ሕፃን ሳቀ፤ ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። አንድ ጊዜ ሐሳቤ ሄዶ ሳልመታ ቀረሁ፤ ወዳጄ ጉንጩን ነፍቶ በባዶው ቀረ። ሳይዞር በክርኑ ሆዴን አለኝ። ከዚያ በኋላ ሐሳቤ የትም አልሄደም።

ስለ ሳጥኗ ሐሳቤን እንደ ለወጥኩ ተወርቷል። ውሸት ነው። ፀሐይ ስትበረታ ትግላለች፣ ስልኩን እንደ መዥገር ትመጠዋለች፣ ጭራዋ ሲነካ ትንጫጫለች። ዋሻና ካቴድራል የምትለውን ሁሉ አጥፍቼ ነው የተጫወትኩት፤ ምክንያቱም ያለሁት ወዳጄ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ሌላ ቦታ መምሰል አላስፈለገኝም። የሠራችው ነገር ቢኖር በሰዓቱ መድረስ ነው፤ እሱንም ታስራ።

ዙሩ ሲያበቃ ዓይኔ መቀመጫ ፈለገ። ነጯ ወንበር ከእንግዶቹ መሐል እንደ ተዘጋጀች አለች፤ ማንም አልተቀመጠባትም፤ ለወዳጄ ነው ተብሎ ሁሉም ፈርቷታል። ውሃ ቀርቦላታል። ጥላ አላት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ወንበር የተመኘሁት ነገር የለም። ቀስ ብዬ ወደ እሷ አዘነበልኩ፤ መቀመጫዬ ሊነካት ትንሽ ሲቀረው ገመዱ ተወጠረ።

ወዳጄ ሳይዞር ቆመ። ቅሎቹ ከወዲያ ጫፍ መልሰው ጀምረዋል።

«ወዴት?» አለኝ።

«ትንሽ ልቀመጥ።»

«ተቀመጥ። ድምፄን ግን እዚህ ትተህልኝ።»

ገመዱን አየሁ፤ ክንድ አይሞላም። ዜማው ከአፍ ወደ አፍ እየዘለለ እየቀረበን ነው። ተነሣሁ።

«ና እንጂ!» አለ ትከሻውን እያስተካከለ። «ደረሰብን።»